«አውቃለሁ» ብሎ የሚምለው ማን ነው?

ስለ ፓተንት ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ቤተ ሙከራ፣ የንድፍ ወረቀትና የጠበቃ ማኅተም ነው። መሐላ ግን የፍርድ ቤት እንጂ የሳይንስ ጉዳይ ሆኖ አይታየንም። ይሁን እንጂ አንድ የፈጠራ ሥራ ፓተንት የሚሰጠው ወይም የሚከለከለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው «ይህን ሠርቻለሁ»፣ «ይህን በዓይኔ አይቻለሁ»፣ «ይህ አሳብ የእኔ ነው» ብሎ በመሐላ ባረጋገጠው ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማመልከቻውን የሚመረምረው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ መድኃኒቱን ቀምሞ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ዘሩን ዘርቶ አያይም። የሚወስነው የቀረበለትን ወረቀት አንብቦ ነው። በወረቀቱና ወረቀቱ በሚናገረው እውነት መካከል ያለው ድልድይ ለቃሉ ተጠያቂ ለመሆን የፈቀደ ሰው ምስክርነት ነው።

እንግዲያው ይህን ቃል ሊሰጥ የሚችለው ማን ነው? የፈጠራ ሠራተኛው ብቻ ነውን? አሠሪው ነውን? ወይስ ተቆጣጣሪው ፕሮፌሰር? በቤተ ሙከራው ሲደክም የከረመው ተማሪስ? ነገሩን ከአያቶቹ ተምሮ ሲሠራበት የኖረው ገበሬስ? ጥያቄው ለጠበቆች ብቻ የሚተው የሥነ ሥርዓት ዝርዝር ሊመስል ይችላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን አይደለም። ማን መማል እንደሚችል የሚደነግግ ሕግ፣ የማን ዕውቀት እንደ ዕውቀት እንደሚቆጠርም አብሮ ይደነግጋል። የዚህ ጽሑፍ አቋምም አጭር ነው፦ የመማል በር ለሚያውቅ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት፤ መመዘን ያለበትም የሰውዬው ማዕረግ ወይም አገር ሳይሆን ቃሉን የሚደግፈው ማስረጃ ነው።

አሳቡን ለማስረዳት በአብዛኛው የምንጠቀመው በአሜሪካ ሕግ ይሆናል። ደንቡ በዝርዝር የተጻፈበት፣ ጉድለቱም እርማቱም በግልጽ የሚታይበት እርሱ ነውና። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሐላው ዓይነትና የሚምለው ሰው

በአሜሪካ የፓተንት አሠራር በመሐላ የሚረጋገጡ ቃሎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የፈጠራ ሠራተኛው መሐላ ነው። በማመልከቻው ስሙ የሠፈረ እያንዳንዱ የፈጠራ ሠራተኛ፣ ማመልከቻው በራሱ ወይም በእርሱ ፈቃድ የቀረበ መሆኑን፣ ሥራውንም ያመነጨው እርሱ ወይም እርሱና ባልደረቦቹ መሆናቸውን እንደሚያምን ያረጋግጣል። ይህ መሐላ በመሠረቱ የግል ነው። ሆኖም ሰውዬው ከሞተ፣ በሕመም አቅሙን ካጣ፣ ተፈልጎ ካልተገኘ፣ ወይም መብቱን ለማስተላለፍ ግዴታ ገብቶ ሳለ አልምልም ካለ፣ ከሴፕቴምበር 2012 ወዲህ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ወራሹ ወይም መብቱ የሚተላለፍለት ድርጅት ምክንያቱን ገልጦ ምትክ መግለጫ ማቅረብ ይችላል።

ሁለተኛው የቀን መሐላ ነው። አሜሪካ እስከ ማርች 2013 ድረስ ፓተንትን የምትሰጠው ቀድሞ ላመለከተ ሳይሆን ቀድሞ ለፈለሰፈ ሰው ነበር። ስለዚህ መርማሪው «ከማመልከቻህ በፊት የታተመ ተመሳሳይ ጽሑፍ አግኝቻለሁ» ሲለው፣ የፈጠራ ሠራተኛው «እኔ ግን ከዚያ ጽሑፍ በፊት ሠርቼዋለሁ» ብሎ፣ የቤተ ሙከራ ማስታወሻውን አያይዞ መማል ይችል ነበር። የሚምሉት የፈጠራ ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ እነርሱ በማይገኙበት ጊዜ ደግሞ መብቱ የተላለፈለት አካል።

ሦስተኛው ስለ ቴክኒክ ፍሬ ነገር የሚሰጥ ቃል ነው። «ሁለቱን ውህዶች በአንድ ሙቀት ሞክሬ ያገኘሁት ውጤት ይህ ነው»፣ ወይም «የሙያው ሰው ይህን መግለጫ ቢያነብ ያለ ችግር ይሠራዋል» የሚል ቃል የዚህ ዓይነት ነው። ይህን መሐላ ነገሩን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ የፈጠራ ሠራተኛው፣ ተቀጣሪው፣ ገለልተኛ ባለሙያው፣ የቤተ ሙከራ ረዳቱ። መርማሪው «አንተ የጥቅሙ ተካፋይ ነህ» በማለት ብቻ ቃሉን ወደ ጎን ሊያደርገው አይገባም። ይሁንና ክብደቱን ሲመዝን የሰውዬውን ጥቅም ያያል፤ በቁጥርና በሙከራ የተደገፈ ቃልም ከደረቅ አስተያየት ይበልጥ ይታመናል።

አራተኛው «ከማመልከቻዬ በፊት የታተመው ያ ጽሑፍ የራሴው ሥራ ነው» የሚለው ቃል ነው። የአሜሪካ ሕግ አንድ ተመራማሪ ግኝቱን ካሳተመ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ፓተንት እንዲጠይቅ ስለሚፈቅድለት፣ የታተመው ነገር ከእርሱ የመነጨ መሆኑን በመሐላ ማስረዳት ያስፈልገዋል።

በአሁኑ ጊዜ አብዛኛዎቹ ቃሎች በሹም ፊት እጅ ተነሥቶ የሚማሉ ሳይሆኑ በጽሑፍ የሚፈረሙ መግለጫዎች ናቸው። ኃይላቸው ግን ያው ነው። ፈራሚው ሆን ብሎ ሐሰት ቢናገር በገንዘብ ወይም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እሥራት ሊቀጣ እንደሚችል ከፊርማው በላይ ተጽፎለታል፤ በሐሰት ቃል የተገኘ ፓተንትም ፍርድ ቤት ሲደርስ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሁሉ ሚዛናዊ ይመስላል። በተግባር ሲታይ ግን የማን ቃል እንደሚጠየቅና የማን ቃል እንደማይጠየቅ የሚያሳዩ ታሪኮች አሉ። ለተማሪ ቅርብ ከሆነው እንጀምር።

ፕሮፌሰሩ ሲምል ተማሪዎቹ የት ነበሩ?

ካትዝ የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ ከሁለት ሰዎች ጋር በጋራ አንድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳተመ። አንድ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ በዚያው ሥራ ላይ በራሱ ስም ብቻ ፓተንት ጠየቀ። መርማሪው «ጽሑፉ ሦስት ደራስያን አሉት፤ ማመልከቻው ግን የአንድ ሰው ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው» ብሎ ከለከለው። ካትዝም፣ ብቸኛው የፈጠራ ሠራተኛ እርሱ መሆኑን፣ ሁለቱ ተባባሪ ደራስያን በእርሱ መሪነትና ቁጥጥር ሥር የሠሩ ተማሪዎች እንደነበሩ የሚገልጽ ቃል በመሐላ አቀረበ። ነገሩ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ የካትዝ መሐላ በቂ ነው አለ። የጽሑፍ ደራሲ መሆን ብቻውን የፈጠራ ሠራተኛ መሆንን አያሳይም፤ ሁለቱ ሰዎች «እኛ የፈጠራው ባለቤቶች አይደለንም» ብለው እንዲፈርሙም ግድ አይደለም ሲል ፈረደ።

በሕግ ዓይን ውሳኔው ምክንያታዊ ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ላይ ስም የሚገባው በብዙ ምክንያት ነው፤ መረጃ የሰበሰበ፣ መሣሪያ ያንቀሳቀሰ፣ ውጤት ያሰላ ሁሉ ደራሲ ሊባል ይችላል። የፈጠራ ሠራተኛ የሚባለው ግን የፈጠራውን አሳብ ያመነጨው ነው። ካትዝም እውነቱን አልተናገረም ለማለት ምንም መሠረት የለንም። ነገር ግን የአሠራሩን ጎን ልብ እንበል። ስለ ሦስት ሰዎች ሥራ የተጠየቀው አንዱ ነው፤ የተጠየቀውም በማዕረግ የበላዩ፣ በመብቱም ተጠቃሚው ነው። ሁለቱ አልተከለከሉም፤ ዳሩ ግን አልተጠሩም።

በዚያው በ1982 በፓተንት መሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ቦርድ የተወሰነ ሌላ ጉዳይ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። በክሮገር ጉዳይ አመልካቾቹ «የፈጠራ ሠራተኞቹ እኛ ነን» ብለው በመሐላ አረጋግጠው ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ በማመልከቻው ያልገባ አንድ የጽሑፉ ተባባሪ ደራሲ የራሱን ፈጣሪነት የሚያስታውቅ ደብዳቤ ጽፎ ስለነበር፣ ቦርዱ የአመልካቾቹን ቃል በቂ ሆኖ አላገኘውም፤ ክልከላውንም አጸና። አንድ ደብዳቤ የበርካታ ሰዎችን መሐላ ሚዛን አናወጠ ማለት ነው።

ሁለቱን ውሳኔዎች አንድ ላይ ስናነብ አንድ እውነት ይወጣል። በሩ ለታናሹም ክፍት ነው፤ ነገር ግን በሩን አንኳኩቶ የሚጠራው የለም። መብቱን የሚያውቅና ሥራውን በቀን መዝግቦ ያስቀመጠ ይገባል፤ የማያውቅ ከደጅ ይቀራል። የተማሪው ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ድንበር የማያልፍ መሐላ

በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የማዕረግ ልዩነት ይህን ያህል ከሠራ፣ በአገርና በአገር መካከል ያለው ልዩነት የባሰ ሠርቷል። በዚህኛው ግን ነገሩ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ በሕግ የተጻፈ ነበር።

ከላይ ስለ ቀን መሐላ ተናግረናል። የቀድሞው የአሜሪካ ሕግ ለረጅም ዘመን የፈጠራን ቀን በውጭ አገር በተሠራ ሥራ ማስረዳትን አይፈቅድም ነበር። ከዲሴምበር 1993 ጀምሮ በካናዳና በሜክሲኮ፣ ከጃንዋሪ 1996 ጀምሮ ደግሞ በዓለም የንግድ ድርጅት አባል አገሮች የተሠራ ሥራ እንዲቆጠር ተፈቀደ። አባል ባልሆነ አገር የተሠራ ሥራ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር እንደተዘጋ ቀረ። ሕጉ ይሠራበት በነበረው በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል አልነበረችም።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደነበር እንመልከት። በአዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ በጥር ወር አንድ ነገር ፈለሰፈ፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ባልደረባው በምስክርነት ፈረመበት እንበል። በሎንዶን ያለ ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ነገር በመጋቢት ደረሰበት። ሁለቱም በአሜሪካ ቢያመለክቱ የሎንዶኑ ሰው ማስታወሻውን አያይዞ ስለ መጋቢት መማል ይችላል፤ የአዲስ አበባው ሰው ግን ስለ ጥር ሊምል አይችልም። ማመልከት አልተከለከለም፤ የፈጠራ ሠራተኛነቱን መሐላም ይፈርማል። ነገር ግን ወረቀቱ እውነት፣ ምስክሩም ታማኝ ሆኖ ሳለ፣ ቀኑ በቤተ ሙከራው አድራሻ ምክንያት ብቻ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሳይንስ አገር የለውም እየተባለ፣ የሳይንስ ማስታወሻ ግን አገር ነበረው።

ሌላም የድንበር ሕግ ነበር። አንድ ነገር ቀድሞ የታወቀ ከሆነ ፓተንት አይሰጠውም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሕግ ነገሩ በአሜሪካ ምድር ይታወቅ ወይም ይሠራበት እንደነበር በሰው ምስክርነት ማስረዳት ሲቻል፣ በውጭ አገር የነበረ ዕውቀት የሚቆጠረው በፓተንት ወይም በታተመ ጽሑፍ ከተገኘ ብቻ ነበር። ጽሑፍ የሌለው የውጭ ዕውቀት፣ ሺህ ሰው ቢምልለትም፣ እንደሌለ ነበር።

የእርድን ጉዳይ ለምሳሌ እንውሰድ። በ1995 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ባልደረቦች እርድን ለቁስል መፈወሻ ስለ መጠቀም ፓተንት አገኙ። በሕንድ ይህን የማያውቅ እናት የለችም ማለት ይቻላል። ሆኖም የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ፓተንቱን የተቃወመው በእናቶች መሐላ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር። ጥንታውያን የሳንስክሪት ጽሑፎችንና በ1953 በሕንድ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣን ጽሑፍ ፈልጎ አቀረበ፤ ፓተንቱም በ1997 ተሰረዘ። ድሉ መልካም ነው። ነገር ግን ያሸነፈው ብራና እንጂ ሰው አልነበረም። ብራና የሌለው ሕዝብ ቢሆን ኖሮስ?

በአውሮፓ ሕጉ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። በዚያ በጽሑፍም ሆነ በቃል፣ በአገልግሎትም ሆነ በሌላ መንገድ በየትኛውም አገር ለሕዝብ የተገለጠ ነገር ሁሉ ቀድሞ እንደታወቀ ይቆጠራል፤ በመሐላ የተረጋገጠ ጽሑፍም ከሕጋዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ለአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤትና ደብልዩ አር ግሬስ ለተባለው ኩባንያ በ1994 የተሰጠው የኒም ዛፍ ዘይት ፓተንት በተቃውሞ ሲመረመር፣ አንድ የሕንድ የፋብሪካ ባለቤት ሙኒክ ድረስ ቀርቦ ከፓተንቱ በፊት ራሱ ይሠራው ስለነበረው የኒም ዘይት አወጣጥ መሰከረ። ፓተንቱ በሜይ 2000 ተሰረዘ፤ ስረዛውም በማርች 2005 በይግባኝ ጸና። ውሳኔው በእርሱ ቃል ብቻ የመጣ ነው ለማለት አይደለም። ቁም ነገሩ መሰማቱ ነው። በእርድ ጉዳይ ያልተጠየቀው ዓይነት ሰው በኒም ጉዳይ ወንበር ተሰጥቶታል።

በዓድዋ የልብስ ማጠቢያ ወንዝ

ይህ የሩቅ አገር ወግ እንዳይመስለን የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ። በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጦች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ስለሆነ ነገሩ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው ሞከሩት፤ በ1965ም የመጀመሪያውን ዘገባ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ለዚህ ሥራ እርሳቸውና ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። በኋላም እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የተዛመተውንና የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ ለመግደል እንደሚያገለግል ተረጋግጦ፣ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1993 የአሜሪካ ፓተንት አገኘበት። በፈጠራ ሠራተኛነት ስማቸው ከሠፈረው አንዱ ዶ/ር አክሊሉ ራሳቸው ነበሩ።

አሁን አንድ ግምት እናስብ። ዶ/ር አክሊሉ ያን ጊዜ ባይጽፉት ኖሮ፣ ሌላ ሰው ደግሞ በ1990ዎቹ «እንዶድ ልብስ ያነጻል፣ ቀንድ አውጣም ይገድላል» ብሎ በአሜሪካ ቢያመለክት ኖሮ፣ የዓድዋ ሴቶች ቃል ሊያስቆመው ይችል ነበርን? በጊዜው ሕግ አይችልም ነበር። ልብሱን ያጠቡት፣ ውሃውን ያዩት፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ለይተው የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ወንዙ በአሜሪካ ስላልነበረ ምስክርነታቸው አይቆጠርም ነበር። ይቆጠር የነበረው የታተመው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ከሳይንሳዊ ዋጋው ሌላ የሕግ ዋጋም ነበረው። መማል ለማይፈቀድላቸው ሰዎች ምስክር ሆኖ ቆሟል።

ግማሹ የተከፈተ በር

ከማርች 16 ቀን 2013 በኋላ በሚቀርቡ ማመልከቻዎች ላይ የአሜሪካ ሕግ ተለውጧል። ፓተንት ከፈለሰፈው ይልቅ ቀድሞ ያመለከተውን ስለሚከተል የድሮው የቀን መሐላ አስፈላጊነቱ ቀርቷል። «በዚህ አገር» የሚለው ገደብም ከሕጉ ወጥቷል። ዛሬ በዓድዋ ወንዝ ዳር በግልጽ ይሠራበት የነበረ ነገር በኦሃዮ እንደተሠራበት ያህል ይቆጠራል።

ይህ ትልቅ እርማት ነው፤ ይሁንና ሙሉ አይደለም። ማመልከቻው በምርመራ ላይ ሳለ ከውጭ ያለ ሰው ለአሜሪካ መርማሪ ሊያቀርብ የሚችለው አሁንም የታተመ ጽሑፍ ብቻ ነው። «በመንደራችን ስንሠራበት ኖረናል» የሚል መሐላ በዚያ መንገድ አይገባም። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ በዘጠኝ ወር ውስጥ በማንኛውም ምክንያት፣ በመሐላ ምስክርነት ጭምር፣ መቃወም የሚቻልበት ሥርዓት አለ፤ ክፍያው ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የጠበቃው ሳይጨመር። በአውሮፓ መሥሪያ ቤት በአንጻሩ ማንኛውም ሰው በምርመራ ላይ ስላለ ማመልከቻ አስተያየቱን ያለ ክፍያ መላክ ይችላል። የመማል መብት በስም ለሁሉ ተሰጥቶ በዋጋ ለጥቂቶች ሲቀር፣ መብቱ ተሰጥቷል ለማለት ይከብዳል።

ሐሰተኛ መሐላስ?

በሩ በሰፊው ይከፈት የሚለውን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የሰው ትዝታ ይከዳል። ጥቅም ያለው ሰው የሚያስታውሰው የሚጠቅመውን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1892 በታወቀው የእሾህ ሽቦ ጉዳይ ይህንኑ ችግር ተመልክቶ ነበር። ብዙ ምስክሮች ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ አጥር አይተን ነበር ብለው ቀረቡ። ፍርድ ቤቱ ሰው እንደሚረሳ፣ እንደሚሳሳት፣ የጠራውን ወገን የሚያስደስተውን ወደ ማስታወስ እንደሚያዘነብል ገልጦ፣ በማስታወስ ብቻ የቆመ ቃል ፓተንትን ለማፍረስ እጅግ ጠንካራ መሆን እንዳለበት ወሰነ።

ስጋቱን እንቀበለዋለን። የሚከተለው መደምደሚያ ግን በሩን መዝጋት አይደለም። ያ ፍርድ ቤት ምስክሮቹን ሰማቸው፤ ከዚያ መዘናቸው። መስማትና ማመን ሁለት ነገሮች ናቸው። በአገራችን የቀድሞ የአፈርሳታ ወይም የአውጫጭኝ ሥርዓት የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይጠየቅ የነበረው፣ የተናገረው ሁሉ ስለሚታመን አልነበረም፤ እውነቱ በማን ዘንድ እንዳለ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነበር። በሳይንስም ያው ነው። አንድን የሙከራ ውጤት በጥርጣሬ እንመለከታለን፤ ነገር ግን ሙከራውን ያደረገው ሰው የማይታወቅ አገር ሰው ነው ብለን ሳናነብ አንጥለውም።

ለመሐላ ዋጋ የሚሰጠው ተጠያቂነት መሆኑንም አንድ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ያሳያል። ታለር የተባለ ተመራማሪ «ዳበስ» ብሎ የሰየመውን የኮምፒዩተር ሥርዓት በፈጠራ ሠራተኛነት አስመዝግቦ ፓተንት ጠይቆ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 የፈጠራ ሠራተኛ ሰው መሆን አለበት ሲል ወስኗል። ፍርድ ቤቱ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ፣ የሚፈለገውን መግለጫ በማሽኑ ስም የፈረመው ታለር ራሱ መሆኑ ነው። ማሽን «እንደማምነው» ብሎ ሊፈርም፣ ቢዋሽም ሊታሠር አይችልም። እንግዲህ የመሐላ ትክክለኛ ድንበር ይህ ነው፦ የሚያውቅና ስለሚናገረው የሚጠየቅ ሰው ከሆነ ይማል። ከዚህ ያለፈ አጥር፣ በማዕረግም ይሁን በዜግነት ወይም በገንዘብ፣ አላስፈላጊ ነው።

የእኛ ድርሻ

የኢትዮጵያ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በዚህ ረገድ ከቀድሞው የአሜሪካ ሕግ የተሻለ ነው። በየትኛውም የዓለም ክፍል በታተመ ጽሑፍ፣ በቃል፣ በአገልግሎት ወይም በሌላ መንገድ ለሕዝብ የተገለጠን ነገር ሁሉ ቀድሞ እንደታወቀ ይቆጥራል። ይሁን እንጂ ሕግ በሩን ቢከፍትም የሚገባው ማስረጃ የያዘ ሰው ነው። ምን ተሠራ? መቼ? የት? ማን አየ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቃል በየትኛውም አገር መርማሪ ፊት ቀላል ነው።

በሜይ 2024 በጄኔቫ የጸደቀው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስምምነት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ነው። በጄኔቲክ ሀብትና ከእርሱ ጋር በተያያዘ ባህላዊ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው የሀብቱን አገር ወይም የዕውቀቱን ባለቤት ማኅበረሰብ እንዲገልጽ፣ ካላወቀም አለማወቁ እውነት መሆኑን በመግለጫ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ሆኖም እዚህም ላይ የሚያረጋግጠው አመልካቹ ነው። «አላውቅም» የሚለው ሰው ቃል ሲቀርብ «እኛ ግን እናውቃለን» የሚለው ማኅበረሰብ በምን መንገድ ይሰማል? ስምምነቱን በየአገሩ የሚያስፈጽሙ ሕጎች ይህን ጥያቄ ሊመልሱ ይገባል። ጸሐፊው የሚያቀርበው አሳብ፣ ማኅበረሰቡ ወይም ወኪሉ ያለ ክፍያ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በመሐላ የተረጋገጠ ቃል ለመርማሪው የሚያቀርብበት መንገድ በሕግ ይከፈት የሚል ነው።

ሕግ እስኪወጣ ግን ተማሪ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም። በቤተ ሙከራ ያለህ ወይም ያለሽ ሁሉ የዕለት ሥራችሁን ገጹ በተቆጠረ ማስታወሻ፣ በቀን፣ በማይጠፋ ቀለም ጻፉ፤ ሥራውን የሚረዳና የጥቅሙ ተካፋይ ያልሆነ ሰው እያነበበ ይፈርምበት። አሳቡ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ካልተያዘ፣ ነገ የሚጠየቀው የበላያችሁ ነው። በስማችሁ የሚወጣ መግለጫ ሲቀርብላችሁም ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የማታውቁትን «አውቃለሁ» ማለት ከማመልከቻው አልፎ ሰውንም ያፈርሳል።

ለዕረፍት ወደ ትውልድ ቦታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ዘር፣ ስለ እህል አጠባበቅ የሚያውቁትን እናቶችና አባቶች ጠይቁ። ሲፈቅዱ ብቻ መዝግቡ። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዕውቀቱ የማኅበረሰቡ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ያለ ፈቃድ ማውጣት ራሱ በደል ነው። ከፈቀዱ ግን ቀኑን፣ ቦታውን፣ አሠራሩንና የነጋሪውን ስም አሟልታችሁ ጻፉ፤ መዝገቡም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ አድርጉ። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። በዕውቀት ጉዳይ ባለቤቱ የሚናቀው አያውቅም ተብሎ አይደለም፤ ማወቁን የሚያስረዳበት ወረቀት ስላጣ ነው። ወረቀቱን ማዘጋጀት መጻፍና ማንበብ የተማርነው የእኛ ሥራ ነው። ዕውቀቱን ይዘው የኖሩት ሰዎች በራሳቸው አንደበት «እናውቃለን» ሲሉ እንዲሰሙ መጠየቅም እንዲሁ የእኛው ሥራ ነው።